የቶመን ጉብታ ሟች

ኢተል ቮን የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ጉብታውን በሚዞረው ጉድባ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ያገኘው የእርሻው ባለቤት ጌቲን ፕሮበርት ነበር። በጎቹን ሊያይ ወጥቶ ውሻው ከጉድባው አፋፍ አልነቃነቅ ሲለው ሊያመጣው ሄደ፤ አየ፤ ከዚያ ሳይቆም እስከ ቤቱ ሮጦ ለፖሊስ ደወለ።

ኢንስፔክተር መረሪድ ቦወን ስትደርስ ዝናቡ ከነፋሱ ጋር ሆኖ በአግድም ይመታ ነበር። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ሬሳውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ጉብታው ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ከታች ቆሞ የሚጠብቃት ሳጅን ኢድዋል እሷን በማየት ብቻ ትንፋሽ አጠረው።

«አዳልጦት ነው፣ አለቃ» አላት ስትወርድ። «ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሣሩ እንደ ሳሙና ነው።»

«በምን ወደቀ?»

«በግንባሩ።»

«የተሰነጠቀውስ?»

ኢድዋል ወደ ሐኪሙ ዞረ። ሐኪሙ የራሱን ማጅራት በጣቱ ነካ።

«ተንከባሎ ድንጋይ አግኝቶት ይሆናላ» አለ ኢድዋል።

«እሺ፣ ድንጋዩን አሳየኝ።»

ኢድዋል ጉድባውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ሣርና ጭቃ ብቻ ነበር።

«ደግሞ ወደ ላይ እይ» አለች መረሪድ። ከጉብታው አናት ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የመለኪያ ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የብረት ጫፉ መሬት ውስጥ ተተክሏል። «የሚወድቅ ሰው የያዘውን ዘንግ ይጥላል እንጂ ተክሎት አይወድቅም። ንቀለው፤ በጓንት። ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበትን ቦታ ላብራቶሪው ይመልከተው።»

በሟቹ የሰደርያ ኪስ ውስጥ አንዲት የትምባሆ ቆርቆሮ ነበረች። ትምባሆ የለባትም። በውስጧ በወረቀት የተጠቀለለች የጥፍር ያህል የሰሃን ስባሪ አለች፤ ነጭ ሆና ሰማያዊ ቅጠል የተሣለባት። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ «1.90 ሜትር» ተጽፏል።

ጌቲን ፕሮበርት በረቱ በር ላይ ከወዲያ ወዲህ ሲንጎራደድ አገኙት። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው።

«ቀድሜ ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚ» አለ። «ሰኞ ዕለት ገበያ መሃል ‹ጉብታዬ ላይ ዳግመኛ ካየሁህ እግርህን እሰብረዋለሁ› ብየዋለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ምን በደለህ?»

«እሱማ ደግ ሰው ነበር። ጉብታውን ግን አስተካክዬ የላም በረት ልሠራበት ነው። የድሮ ምሽግ ነው ከተባለ መንግሥት ይከልለዋል፤ አካፋ እንኳ አላነሳበትም። ስሙ ቶመን ነው። ቶመን በእኛ ቋንቋ ጉብታም ነው፣ የፍግ ክምርም ነው። አባቶቼ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሞቱ።»

«ታዲያ ዝም ብለህ ጠበቅህ?»

«አልጠበቅሁም። ትናንት ከሰዓት በኋላ በጉብታው ወገብ ላይ አጥር ጀመርኩ። ሦስት አዲስ ምሰሶ ተክዬ መሸብኝ። ያ ያግደዋል ብዬ ነው እንግዲህ፤ ተሻግሮት ወጥቷል።»

እናቱ እማማ ብሎድዌን በወጥ ቤቱ መስኮት አንገታቸውን አወጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። «አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋን ዝናብ ላይ አቁመህ ነው የምታወራው? ግቢ የኔ ልጅ፤ ሻይ አለ፤ የዘቢብ ዳቦም አለ።»

መረሪድ ገባች፤ አልተቀመጠችም። በወጥ ቤቱ ገመድ ላይ ውኃ የሚያንጠባጥቡ አንሶላዎች ተሰቅለዋል።

«ፀሐይቱ አታለለችኝ» አሉ እማማ ብሎድዌን አንሶላዎቹን እያዩ። «ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቅ ብላ አታውቅም፤ ጭጋግና ዝናብ ብቻ። ዛሬ ማለዳ ድንገት ፍክት ብላ ወጣች። ተሯሩጬ አሰጣሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ጠፋች፤ ልብሴ እንደገና ታጠበ።»

«ኢተልን አዩት ማለዳ?»

«አላየሁም። ሐሙስ ዕለት ግን እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ይሄ ልጄ ገበያ ሄዶ ሳለ። ስለ ድሮ ነገር ሲጠይቀኝ ዋለ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር፤ ሁሉም የሚጠይቀው ወንዶቹን ነው።»

መረሪድ ልትቀጥል ስትል የሬሳው መኪና መጣና ወጣች።

እሑድ ዕለት ብሪንሞር ካዶጋንን ልታነጋግር ወደ መንደሩ ወረደች። ብሪንሞር የአውራጃው የታሪክ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የሟቹም የቅርብ ወዳጅ ነው። ዳሌው ስለታመመ በሁለት ከዘራ ይሄዳል፤ ከወንበሩ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከረ።

«በዝርዝራችን ላይ መቶ አሥራ ሁለት የአፈር ምሽግ አለ» አላት። «ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ጌቶቹ አፈር ቆልለው፣ ጉድባ ቆፍረው፣ ከላይ የእንጨት ግንብ ያቆሙባቸው ናቸው። እንጨቱ በሰበሰ፤ የቀረው ጉብታ ነው። ግማሹን ምሽግ ይሁን፣ ተፈጥሮ ይሁን፣ የጥንቸል መኖሪያ ይሁን ማንም አያውቅም። ኢተል ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእግሩ እየዞረ ያንን ሲለይ ኖረ። ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ፤ በካርዱ ላይ አንድ ፍርድ።»

«ቶመንን ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ማን ነው?»

ሽማግሌው ቀላ አለ። «እኔ ነኝ። የዛሬ አርባ ዓመት፤ ጎረምሳ ሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት የመታሰቢያ ሰሌዳ ልናቆምበት ነበር። ስሜ አለበት።»

«ኢተል ቢሰርዘውስ?»

«አፍራለሁ። ከዚያም ሻይ እጋብዘዋለሁ። ኢንስፔክተር፣ እኔ በዚህ እግሬ የቤቴን ደረጃ እንኳ በልመና ነው የምወጣው።»

የኢተል ቤት ቁልፍ እሱ ዘንድ ስለነበር አብረው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ ዓርብ የተጻፉ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የቶመን ነበር። በቀይ ቀለም አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፦ «ተሰርዟል»።

ብሪንሞር አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና አነበበው። «አርባ ዓመት» አለ በሹክሹክታ፤ ከዚያም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቀ። «ይሄ ሽማግሌ! ልቤን ሊሰብር ተነስቶ ራሱ ቀድሞኝ ሞተ።»

ሁለተኛው ካርድ ስም የለውም። መረሪድ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«ቶመን ቢሰረዝ ሌላ የሚጎዳ ሰው አለ?» አለችው በሩ ላይ።

«ዶክተር ሾኔድ ሞስቲን ናታ» አለ ብሪንሞር። «የዩኒቨርሲቲዋ። የድሮ መነኮሳት የጻፉት አንድ ዜና መዋዕል አለ፤ ‹ከሁለቱ ውኃዎች በላይ› ስለተቃጠለ ምሽግ ያወራል። የት እንደነበረ አይታወቅም። ሾኔድ ቶመን ነው ትላለች። መጽሐፏ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው። የኢተል ተማሪ ነበረች፤ እንደ ልጁ ነው የሚያያት።»

ዶክተር ሾኔድ መረሪድንና ኢድዋልን ሰኞ ጠዋት በቢሮዋ ተቀበለቻቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ እጇ አንዱን ወረቀት አንስቶ ሌላውን ይጥላል።

«ያ ገበሬ ነው የገደለው» አለች ገና ሳይቀመጡ። «መምህሬን! ምሽግ መሆኑን ስላወቀ ነው።»

«ኢተል ምሽግ ነው ብሎሽ ነበር?»

«መናገር አያስፈልገውም ነበር። ይሄን እዩ።» ከመሳቢያዋ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አወጣች። «ፊልሙን ራሴ ነኝ ያጠብኩት። እንዲህ ያለ ጥላ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። ፀሐይ ዝቅ ስትል መሬቱ ይናገራል፤ ቀን ላይ የማይታይ ቦይና መደብ ሁሉ ቁልጭ ይላል። ጉድባውን እዩት! ይሄ የላም በረት ይሠራበታል?»

መረሪድ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ግሩም ሥዕል ነበር። ጉብታው መሃል ላይ ተገትሯል፤ ከአናቱ ላይ ኢተል በአንድ እጁ ዘንጉን ይዞ፣ በሌላው ወደ ሥዕሉ ቀኝ ጠርዝ እየጠቆመ ይታያል። የጉብታው ጥላ በግራ በኩል እስከ እርሻ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ረዝሞ ተኝቷል።

«መቼ አነሳሽው?»

«ሐሙስ፣ አመሻሽ ላይ። ለመመዘኛ እንዲሆነኝ አቆምኩት። አርፎ አይቆምም እኮ፤ እጁን ያወናጭፋል።»

«ቅዳሜ ጠዋትስ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ስጽፍ።»

«ይሄን ልዋሰው?»

ሾኔድ አላመነታችም። «ውሰጂው። ለዳኛውም አሳዪው።»

መኪናው ውስጥ ኢድዋል «ሴትዮዋ አዝናለች» አለ።

«አዝናለች» አለች መረሪድ ጉልበቷን እያርገፈገፈች። «ወደ እርሻው ንዳ። ቶሎ።»

እማማ ብሎድዌን ስባሪዋን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ተነስተው ጣሪያው ድረስ የሚደርስ የዕቃ መደርደሪያቸውን ከፈቱ፤ ከላይኛው ረድፍ አንድ ሰሃን አውርደው ስባሪዋን ከጎኑ አስቀመጧት። ያው ሰማያዊ ቅጠል፣ ያው ጠርዝ።

«የአያቴ የሰርግ ሰሃን ነው» አሉ። «አሥራ ሁለት ነበር፤ አሥራ አንድ ቀረ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ‹ሰሃኔን ቀበሩት› ሲሉ ነው የኖሩት። ያኔ ንግሥት ቪክቶሪያ ገና በዙፋን ነበሩ። ወንድ አያቴ ለወፍጮው ኩሬ ሲያስቆፍሩ የወጣውን አፈር እዚያ አስከመሩት። ለቆፋሪዎቹ ምሳ የሄደበት ሰሃን ተሰብሮ አፈሩ ከላዩ ተጫነበት። ጉድባ የምትሉትም ዝናቡ በረቱን እንዳያበሰብስ ያስቆፈሩት የውኃ መውረጃ ነው።»

«ይሄን ለኢተል ነገሩት?»

«ሐሙስ ነገርኩት። ዓርብ ማለዳ የአፈር መሰርሰሪያውን ተሸክሞ መጣ። ለጌቲን አትንገሪው አለኝ፤ ‹መጀመሪያ ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ› ብሎ።»

ጌቲን በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። «እማዬ! እኔ ለዚህ የፍግ ክምር ስል ነው እንቅልፍ አጥቼ የከረምኩት?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ እናቱ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በዚያው ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ነፋሱ መስኮቱን ይነቀንቃል። ብሪንሞር ከዘራዎቹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ጌቲን ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሾኔድ ካፖርቷን አላወለቀችም። ኢድዋል በሩ አጠገብ ነው። መረሪድ ከምድጃው እስከ መስኮቱ እየተመላለሰች ጀመረች።

«ኢተል አልወደቀም። በግንባሩ ተደፍቶ ነው የተገኘው፤ የገደለው ግን ማጅራቱ ላይ ያረፈ ምት ነው። ጉድባው ውስጥ ድንጋይ የለም። ትናንት ማታ ላብራቶሪው ደውሏል፤ በዘንጉ ብረት መጋጠሚያ ላይ ፀጉርና ደም ተገኝቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ከኋላው መታው፤ ከዚያ ዘንጉን አናት ላይ ተከለው።»

«ለምን ይተክለዋል?» አለ ጌቲን። «እኔ ብሆን ወንዝ ውስጥ ነበር የምወረውረው።»

«አዎ፤ አንተ ብትሆን። ኢድዋል ቢሆንም ይጥለው ነበር። ዘንግ መሬት ላይ የማያጋድም ሰው ግን በዚህ ሙያ ያደገ ሰው ነው። እጁ ሳያስበው ይተክለዋል። አቶ ብሪንሞር፣ ማነው ያስተማራችሁ?»

«ኢተል» አለ ብሪንሞር ቀስ ብሎ። «የተጋደመ ዘንግ ሲያይ ይጮህብን ነበር። በእኔም፣ በሾኔድም።»

«እርስዎ ግን በዚያ ዳገት ላይ በሁለት ከዘራ አይወጡም። ጌቲን ደግሞ በቂ ምክንያት ያለው ይመስል ነበር። ምሽግ ነው ይባላል ብሎ ፈርቷል። አስፈራርቷል። ኢተል ግን ጉብታውን ዓርብ ዕለት ሰርዞታል፤ ካርዱ እኔ ዘንድ ነው። ከሥሩ፣ ከ1.90 ሜትር ጥልቀት፣ የእማማ አያት ሰሃን ስባሪ ወጥቷል፤ ሰሃኑ ከሥር ከሆነ ጉብታው ከሰሃኑ በኋላ የተከመረ ነው። ታዲያ ያን ቀን ከጉብታው አናት ላይ አዲሱን ወሬ የሰማው ሰው ጌቲን ቢሆን ኖሮ ኢተልን አቅፎ ይስመው ነበር።»

ጌቲን አንገቱን ደፋ።

መረሪድ ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ዶክተር ሾኔድ ይሄን ሐሙስ አመሻሽ ላይ አነሳሁት ብላናለች። እማማ፣ ሐሙስ ፀሐይ ነበረች?»

«የት አባቷ!» አሉ እማማ ብሎድዌን። «ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ አልታየችም።»

«ይህ ቤት ከጉብታው በስተምዕራብ ነው። አመሻሽ ላይ ፀሐይ ከዚህ ቤት ጀርባ ስለምትሆን የጉብታው ጥላ ወደዚያ፣ ወደ ምሥራቅ መውደቅ ነበረበት። በፎቶግራፉ ግን ጥላው የሚመጣው ወደዚህ ቤት ነው። ይሄ የማለዳ ጥላ ነው። የየትኛው ቀን ማለዳ? ጌቲን፣ እዚህ ወገቡ ላይ እነዚህ ነጫጭ ነገሮች ምንድን ናቸው?»

ጌቲን ጎንበስ ብሎ አየ። «ምሰሶዎቼ ናቸው። ሦስቱም።»

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተከልካቸው። ከዓርብ ምሽት በኋላ ፀሐይ የወጣችበት ማለዳ አንድ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ። እማማ አንሶላ ያሰጡበት። ኢተል በዚያች ሰዓት በሕይወት ነበር። ከፊቱም ካሜራ የያዘች ሴት ነበረች።»

ሾኔድ ፎቶግራፉን እንጂ ማንንም አላየችም።

«ለምን አሳየሽን?» አላት ኢድዋል ሳያስበው።

«ከሁሉም የበለጠ ማስረጃ ነዋ!» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ይሄን አይቶ ማን ምሽግ አይደለም ይላል? ጥላው እንዴት እንደነበር ብታዩ! ያን ሁሉ አንስቼ አናቱ ላይ ስወጣ፣ ከኪሱ ያችን ስባሪ አውጥቶ ‹ሾኔድ፣ ሰሃን ናት እኮ› አለኝ። እየሳቀ። አሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩት! ‹ተይው፣ ተይው› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ዘንጉን ያዢልኝ ብሎኝ እጄ ላይ ነበር። ዝም እንዲል ብቻ ነው የፈለግሁት።»

«ጀርባውን የሰጠሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለች መረሪድ። ለመጀመሪያ ጊዜ መመላለሷን አቁማ ነበር።

«ሊሄድ ነው።»

«አይደለም። ሌላ ነገር ሊያሳይሽ ነው።» ሁለተኛውን ካርድ ከደብተሯ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች፦ «‹ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት በላይ ያለው የበግ መስክ። ክብ መደብና ጉድባ። በማለዳ ፀሐይ ብቻ፣ ከቶመን በኩል ይታያል። ፍርድ፦ እርግጠኛ። የዜና መዋዕሉ ምሽግ ይህ ነው። ስም፦ ሾኔድ ትሰይመው።›»

መረሪድ ፎቶግራፉን ወደ ሾኔድ ገፋችውና ጣቷን ቀኝ ጠርዙ ላይ፣ ኢተል የጠቆመበት አቅጣጫ ላይ አሳረፈች። ከጉብታው ማዶ፣ በበጎቹ መካከል፣ ቀጭን ጥላ ሙሉ ክብ ሠርቶ ይታይ ነበር።

ሾኔድ ጎንበስ ብላ አየችው። በጣም ቀርባ፤ እስትንፋሷ ወረቀቱን እስኪያደበዝዘው ድረስ። ከዚያ ከጉሮሮዋ ሰው ሊሰማው የማይፈልግ ድምፅ ወጣ። እማማ ብሎድዌን ተነስተው ከጎኗ ሊቆሙ ፈለጉ፤ ግን ተመልሰው ተቀመጡ። ኢድዋል ክንዷን ይዞ ሲያወጣት ዓይኗ ገና ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ጌቲን በክረምቱ ጉብታውን አስተካክሎ የላም በረቱን ሠራ፤ የተቃወመው የለም። በሁለተኛው ዓመት ቁፋሮ የሚያውቁ ሰዎች በበጉ መስክ ላይ ድንኳን ተከሉ፤ የተቃጠለ እንጨት፣ የቀስት ጫፍ፣ የወፍራም ግንድ ጉድጓዶች አገኙ። ወሬው በጋዜጣ በወጣ በሳምንቱ መረሪድ ከሴቶች ወህኒ ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሳት። ይቅርታም፣ ሰላምታም የለበትም። መሃሉ ላይ በጥንቃቄ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «የጉድባው ጥልቀት ስንት ሆነ?»

መረሪድ ደብዳቤውን ይዛ ቢሮዋ ውስጥ ስትንጎራደድ ዋለች። አልመልስም አለች፤ ኮቷንም ለበሰች። ከበሩ ተመልሳ ሳትቀመጥ፣ ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመች ጻፈች፦ «ሦስት ሜትር ከሃያ።»